«ያዝ አድርጌ መጣሁ»

የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬ ብሶበታል። ጋቢ ተከናንቤ የነገውን ትምህርት ሳዘጋጅ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ላይ ቆምኩ፦ «ላግ አራውንድ» (lug around)። ከባድ ነገር ይዞ ከቦታ ቦታ መንከራተት ነው። እንግሊዞች በጨዋታ መሃል ይሉታል እንጂ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይመርጡትም። ዕቃው መሃል ይገባል፦ «ላግ ኢት አራውንድ»። «ላግ» ዱሮ መጎተት ነበር፤ ሻንጣን «ላጌጅ» ያሉትም በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከዚሁ አውጥተው ነው። ስዊድኖች ጋ የሚቀርበው ዘመዱ «ሉጋ» ደግሞ ጸጉር መጎተት ነው። (እኔም በልጅነቴ ክፍል ውስጥ ስንቴ «ሉጋ» ተደርጌያለሁ።)

«አራውንድ» አያስቸግርም። የኛም «መዞር» ክብ መሥራት ብቻ አይደለም፤ «ተሸክሜው ስዞር ዋልኩ» ያለ ሰው አደባባይ ዞረ ማለት አይደለም።

ያስቸገረኝ «ላግ» ነው። እኛ ልጅ እናዝላለን፣ ጆንያ እንሸከማለን፣ ዘንቢል እናንጠለጥላለን፣ ግልገል እናቅፋለን። ቃሉ ሸክሙ ገላ ላይ የት እንዳረፈ ይናገራል። «ላግ» ስለዚህ ደንታ የለውም። እሱ የሚናገረው የተሸካሚውን ምሬት ነው።

እማዬ ትዝ አለችኝ። አምና ከመሐል ሜዳ ስትመጣ ስልክ ደውዬ «ምን ይዘሻል?» አልኳት።

«ምንም። ትንሽ ነገር ያዝ አድርጌያለሁ።»

መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገብስ አወረደ፤ ቀጥሎ በሶ፣ ቀጥሎ በገመድ የታሰረ ዝተት። የመንዝን ዝተት ያነሳ ያውቀዋል፤ የበግ ጸጉር እንዲህ ይከብዳል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔ ባጃጅ ልጠራ ዞር ስል እሷ ማዳበሪያውን ጀርባዋ ላይ አድርጋ መንገድ ጀምራለች።

«እማዬ፣ ኧረ አስቀምጪው!»

«ምን አለው ብለህ ነው! ይልቅ አንተ ከስተሃል።»

አሁን ደብተሬ ላይ ለምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር «እናቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ግሱ አልገባ አለ፤ ሰረዝኩት። በምትኩ «መምህሩ» ብዬ ጻፍኩ፦ የተማሪዎቹን ደብተር ለእርማት ወደ ቤት ወስዶ፣ አንዱንም ሳይከፍት፣ ጠዋት መልሶ ተሸክሞት የሚሄደው። ቦርሳው እዚህ በሩ ሥር ነው፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።