ይባቤ

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱን አላውቀውም። ዝናቡ ደግሞ የጅማ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ነገር አያሰማም። ቡናዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ረገብ ሲል ከአዌቱ ወንዝ ማዶ እልልታ ሰማሁ። ሰርግ ይሁን ሌላ ደስታ አልለየሁትም።

የእኛ ሰፈር እንደምታውቁት በኦሮምኛም በአማርኛም ያወራል። ኦሮምኛው «ኢሊልቹ» ይላል፣ እኛ «እልል» እንላለን። ቃሉ ራሱ ድምፁ ነው። ምላስ ሲርገበገብ ከ«ል» ሌላ ምን ይወጣል?

ግእዝ ግን ሌላ ቃል አለው፦ ይባቤ። መዝሙረ ዳዊት 46 ላይ «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ» ይላል። አማርኛው «በእልልታ» አለው። ግሡ «የበበ» ነው፤ በደስታ ጮኸ፣ እልል አለ ማለት። ተራ ደስታ አይደለም፣ የድል ነው። መለከት አብሮት ይነፋል። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ሲጠሩት እንኳ አፍ ይሞላል።

ዕብራይስጥ ውስጥ የሥጋ ዘመድ አለው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 5 ላይ የሲሣራ እናት በመስኮት ሆና ልጇን ከጦርነት ትጠብቃለች። ሠረገላው ዘገየባት። ልጇ በድንኳን ካስማ ተገድሏል፤ እሷ ገና አልሰማችም። ብቻ ጮኸች። ያ ጩኸት በዕብራይስጡ ከ«የበበ» ጋር አንድ ሥር ነው። እኛ ጋ እልልታ የሆነው ቃል እዚያ አንጀቷ የተላወሰ እናት ድምፅ ነው።

ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን አልለቅ አለኝ።

እማዬ ናት የመጣችብኝ። ስመረቅ አባዬ ካረፈ ገና 4 ወሩ ነበር። ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች። ስሜ ሲጠራ፣ ያ ሁሉ ሰው መሀል፣ እልል አለች። አንዴ ጀመረችና ማቆም አቃታት። አክስቴ ነጠላዋን እየጎተተች «ተይ እንጂ፣ ሐዘን ላይ ነሽ» ትላታለች። እማዬ አልሰማቻትም። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። እኔ መድረኩ ላይ ሆኜ እስቅ ነበር፤ ፎቶው አለ።

እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ያን ቀን ለማን ነበር የጮኸችው? ለእኔ ወይስ ለእሱ?