ኮምፒውተር ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ኮምፒውተር ሲዘገይ፣ ስታክ ሲያደርግ ወይም በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሣ ብዙ ጥገና ቤቶች ቀድመው የሚሰጡት መልስ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ የሚል ነው። ችግሩ ቫይረስ ወይም የተበላሸ ዊንዶውስ ከሆነ መልሱ ይሠራል። ጥፋቱ ያለው ሀርድ ዲስኩ ወይም ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ላይ ከሆነ ግን ባለቤቱ ገንዘቡንም ፋይሉንም አጥቶ ችግሩ ባለበት ይቀጥላል፤ እንዲያውም ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ላይ ዊንዶውስን እንደገና መጫን የቀረችውን ዕድሜ ሊያሳጥራት ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከፎርማት መቅደም አለበት ባይ ነኝ፤ ከምርመራውም በፊት አስፈላጊ ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው።

ሶፍትዌሩንና ዕቃውን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ዊንዶውስን የሚተካ ነጻ ሥርዓት የሆነውን ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭኖ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ማስነሣት ነው። በዚያም እያለ ስታክ የሚያደርግ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። በደኅና ከሠራ ግን ሀርድ ዲስኩን ነጻ ለማውጣት አይበቃም፤ ከፍላሽ የተነሣ ኮምፒውተር ዲስኩን እምብዛም አይነካውምና።

ዲስኩ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤንነት ስማርት የሚባል መዝገብ ይይዛሉ፤ ይህንንም ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል። ብዙ ሰው ከላይ የሚታየውን «ጉድ» (በእንግሊዝኛ «ደኅና») የሚል ጽሑፍ አይቶ ይዘጋዋል፤ ቁም ነገሩ ግን ከታች ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» የሚለው መስመር ዲስኩ ተበላሽተው ያገኛቸውንና በመጠባበቂያ የተካቸውን ቦታዎች ሲቆጥር፣ «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» ደግሞ ለማንበብ ያስቸገሩትንና ገና ያልተለየላቸውን ይቆጥራል። ሁለቱም ዜሮ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ከሳምንት ሳምንት እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩን ለመቀየር ሌላ ምክንያት መጠበቅ አያስፈልግም። ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ የሚያሳየው ከቁጥር ጋር ፊደልም በሚጠቀመው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከማንበብ በፊት ከቅንብሩ ወደ አሥር ቤት መለወጥ ከከንቱ ድንጋጤ ያድናል። «ሲአርሲ ኤረር» የሚለው ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የኬብሉ ነው፤ የዴስክቶፕ ኬብል ደግሞ በርካሽ ይቀየራል።

መዝገቡ ንጹሕ መሆኑም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ጉግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና በሚባሉት የስማርት ምልክቶች ላይ አንድም ቁጥር ሳያሳዩ ነበር የተበላሹት።

የራም ጥፋት ከዲስክ ይልቅ አታላይ ነው፤ ዛሬ ሰማያዊ ስክሪን፣ ነገ የማይከፈት ፋይል፣ ከነገ ወዲያ መሀል ላይ የሚቋረጥ የዊንዶውስ ጭነት ሆኖ ይመጣል። ዊንዶውስ ክፍት ሆኖ የሚደረግ ፍተሻ ራሱ ዊንዶውስ የያዘውን የራም ክፍል ሊያይ ስለማይችል፣ ሜምቴስት 86 የተባለውን የራም መፈተሻ ከፍላሽ አስነሥቶ ሌሊቱን ሲሠራ እንዲያድር መተው ይሻላል። አንዲት ቀይ መስመር እንኳ ብትታይ ራሙ አልፏል አይባልም። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥቶ ሌላውን በዚያው ማስገቢያ መፈተሽ፣ ከዚያም ማቀያየር፣ ጥፋቱ የራሙ ይሁን የማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ይለያል። ባለሙያዎቻችን የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ የማሸት ልማድ አላቸው፤ አቧራና ዝገት ብቻ ከሆነ ይሠራል፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከመብራት መነቀል፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው መለያየት፣ የላጲሱ ፍርፋሪም በደንብ መጠረግ አለበት።

በራሱ ለሚጠፋ ዴስክቶፕ ብዙዎች የሚያነሡት ጥርጣሬ ኢቨንት ቪውር በተባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ከሚታየው «ከርነል ፓወር 41» ይጀምራል። ይህ መልእክት የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ እንጂ ምክንያቱን አይደለም። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) የሚሠራ ዴስክቶፕ መዝገቡ በ41 ቢሞላ አይገርምም። መብራት ሳይጠፋ፣ በተለይ ጌም ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሲከፈት የሚጠፋ ከሆነ ግን ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ይጠርጠር። በሥራ ላይ እያለ ከእሱ የሚወጣው ቢጫው ሽቦ በመልቲሜትር ሲለካ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን መክፈት ግን ለልምድ አልባ ሰው አይመከርም፤ ከመብራት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ሙቀትን በሚመለከት ብዙ የሚባል የለም፤ የበጋ አቧራ የሞላበት ፋን መጽዳት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ከደረቀ መቀየር አለበት።

አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ በዚሁም የተነሣ ድረ ገጾች ሁሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ የሚያስቸግሩት ኮምፒውተር ነው። ለዚህም ፎርማት ሲደረግ ይታያል፤ ያለቀው ግን ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክቡ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ሰዓት አዳሾች ዘንድ ይገኛል፤ ከተቀየረ በኋላ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ገብቶ ቀኑን ማስተካከል ይበቃል።