ፌርማታ

ባለፈው ክረምት፣ የማስተምርበት ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ አንድ መምህር አረፉ። ለአርባቸው በአዳራሹ ትንሽ የመታሰቢያ ምሽት ተዘጋጀ። የፒያኖ አስተማሪዋ እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር እንድጫወት ተጠየቅኩ። ብዙም ሳላስብ የሙዚቃ ደራሲውን የሾፓንን የኢ ማይነር ፕሬሉድ፣ አጭር የፒያኖ ሥራ፣ መረጥኩ፤ ኦፐስ 28 ቁጥር 4። እ.ኤ.አ. በ1849 ፓሪስ፣ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በራሱ በሾፓን ቀብር ላይ በኦርጋን የተሰማ ሙዚቃ ነው። አጭርም ነው፤ 25 ባር፣ ማለትም ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተለዩ 25 ክፍሎች ብቻ።

ይህን ሙዚቃ የማውቀው በጆሮዬ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ዩቲዩብ ላይ ደጋግሜ ሰምቼ ጣቴ ላይ ገብቷል። ኖታውን ያየሁት ድምፆቹን ለማረጋገጥ ያህል ነው።

ሦስት ቀን ሲቀረው ባልደረቦቼ ፊት ተለማመድኩ። ከልቤ ነው የተጫወትኩት። ሐዘን መሆኑን ሁሉም እንዲያውቀው ብዬ በየሐረጉ መጨረሻ ዘገየሁ። 23ኛው ባር ላይ ደርሼ ቆም ስል አዳራሹ አጨበጨበ። እጄ አየር ላይ ነው። ገና ሦስት ኮርድ፣ አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ ይቀረኛል። ጭብጨባው መሐል ተጫወትኳቸው፤ ማንም አልሰማቸውም።

አንጋፋው የቫዮሊን መምህራችን ወደ እኔ መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ልጄ፣ ወረቀቱ የታለ?»

«በቃሌ ነው የምጫወተው፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አየሁ። ወረቀቱን አምጪልኝ።»

ፒያኖ ወደሌለበት የመምህራን ክፍል ወሰዱኝ። እርሳስ ሰጡኝና «እንደ ደብዳቤ አንብቢው» አሉኝ። ከሰዓቱን በሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አሳለፍን።

መጀመሪያ ያየሁት መግቢያው ላይ ያለችውን፣ መሐሏ ላይ መስመር የተሰመረባትን ግማሽ ክብ ነው። ባሩ በ4 ሳይሆን በ2 ይቆጠር ማለት ናት። ግራ እጅ በአንድ ባር ውስጥ 8 ጊዜ ይመታል። እኔ ስምንቱንም እኩል እያከበድኩ እንደ ምስማር ነበር የምመታቸው። ጠረጴዛው ላይ በሁለት ስቆጥረው እስትንፋስ ሆነ።

ከዚያ ወደ ግራ እጅ ሄድኩ። ሐዘኑ ሁልጊዜ ቀኝ እጅ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ቀኝ እጅ ግን መጀመሪያ ላይ ሲ፣ ዶ፣ ሲ፣ ዶ እያለ እዚያው ይመላለሳል እንጂ የትም አይሄድም። የሚሄደው ግራው ነው። እያንዳንዱን ኮርድ ከሚቀጥለው ጋር በእርሳስ አያያዝኩት። ብዙ ቦታ ላይ አንድ ጣት ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ቆይቶ ደግሞ ሌላው ይወርዳል። ለቅሶ ቤት ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ ሲወጣ፣ ቤቱ ቀስ በቀስ ባዶ እንደሚሆነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስጫወተው አንድም ቀን አላየሁትም። ድምፅ በሚያስረዝመው ፔዳል አዳፍኜው ነበር።

16ኛው ባር ላይ «ስትሬቶ» ይላል። አጥብቂው፣ ወደፊት ግፊው ነው። ቀጥሎ 17ኛው ላይ ፎርቴ፣ ጮክ አድርጊው የሚለው፣ ይመጣል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምዘገየው እዚያ ጋ ነበር። ሰው እንባውን ይዞ ይዞ በመጨረሻ የሚያመልጠው ቦታ ላይ እኔ ልስልስ እል ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው ይህ አይገርመውም። ከፊደሉ ጋር የሚሰፍሩት የዜማ ምልክቶች፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ለጌጥ አልተቀመጡም። ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚነሳ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

ጋሼ ጣታቸውን 23ኛው ባር ላይ አሳረፉ።

«ይህቺስ ምንድን ናት?»

«ፌርማታ።» አርዝመሽ ያዢ የምትል ምልክት ናት።

«ምን ላይ ነው ያለችው?»

አጎንብሼ አየሁ። ኮርዱ ላይ አይደለችም። ከኮርዱ ቀጥሎ ያለው ዝምታ ላይ ናት።

«ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ምን ያደርጋል?»

«አውቶቡስ ይጠብቃል።»

«አንቺ ግን ቤትሽ ደርሰሽ የወረድሽ ነው የመሰልሽው።»

እውነታቸውን ነው። ከዝምታው በፊት ያለው ኮርድ ያላለቀ ኮርድ ነው፤ ጆሮ መልስ ይፈልጋል። እኔ ግን ከዚያ በፊት በየቦታው ስለዘገየሁ ሰዎቹ ደጋግሞ ያለቀ መስሏቸዋል። ፔዳሉንም ስላልለቀቅኩ ዝምታ የሚባል ነገር አልነበረም። ያጨበጨበ ሰው ምን ያድርግ!

በቀሩት ሁለት ቀናት ውስጥ ከመጫወት ይልቅ ብዙውን ጊዜ ሳነብ ነበር። ማታ ማታ ወረቀቱን አልጋ ላይ ይዤው እገባለሁ።

የመታሰቢያው ምሽት ዝናብ ነበር። ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋሁት። በሁለት ቆጠርኩ። በየሐረጉ አልቆምኩም፤ ግራ እጄ እንዲወርድ ተውኩት። 17ኛው ባር ላይ ድምፁ ከእኔ በላይ ሆኖ ወጣ። 23ኛው ላይ እጄን አነሳሁ፣ እግሬንም ከፔዳሉ ላይ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ተሰማ። የሟቹ መምህር ባለቤት ከፊት ወንበር ላይ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጠበቅኩ።

ከዚያ ሦስቱን ኮርዶች፣ በጣም ዝቅ አድርጌ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።