የሽሮ ሜዳ ቁልቁለትና እንቢ ያለው ቁልፍ

ለእህቴ ልጅ ሠርግ የታዘዘ የሀበሻ ቀሚስ ልቀበል ሽሮ ሜዳ ሄጄ መኪናዬን ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩ። መኪናዬ አውቶማቲክ ቪትዝ ናት፤ ከእኔ በፊት በሌሎች እጅ ብዙ የሠራች። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስማር እንደተነገረኝ የፊት ጎማዎቹን ወደ እግረኛው መንገድ ጠርዝ አዙሬ፣ ማርሹን «ፒ» (መኪና ሲቆም የሚገባበት ቦታ) ላይ አድርጌ ወረድኩ። ስመለስ ቁልፉ ገባ፤ መዞር ግን አልፈለገም። መሪውም ደርቋል።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። ቁልፉን በሁለት እጄ ይዤ ጠመዘዝኩት፤ ሲጣመም በዓይኔ እያየሁ አላቆምኩም። ቢሰበር ኖሮ ግማሹ ውስጥ ይቀርልኝ ነበር። መኪና የሚጠብቅ ወጣት ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ቁልፉን ተወት ያድርጉትና መሪውን ይያዙ» አለኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ፒንሳ እንዲፈልግልኝ ላክሁት። ደግነቱ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ተነቅሎ መሪው ትንሽ ሲዞር አንድ የብረት ምላስ መሪው ዘንግ ላይ ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይቆልፈዋል። ቁልፉ ሲዞር ምላሱ መውጣት አለበት። የእኔ ጎማ ግን የመኪናዋን ክብደት ይዞ ጠርዙን ተደግፎ ስለነበር መሪውን ወደ አንድ ወገን እየገፋ ምላሱን ከጎድጓዳው ግድግዳ ጋር አጣብቆታል። የተንጋደደ በር መወርወሪያው እንቢ ሲል በሩን በትከሻ ገፋ አድርገን እንደምንስበው ማለት ነው፤ መወርወሪያውን ብቻ ቢጎትቱት እጅ ይቆስላል እንጂ አይከፈትም።

ወጣቱ እንዳለኝ መሪውን ሞከርኩ። በአንዱ በኩል ግንብ ነው፤ በሌላው በኩል ጥቂት ይሰጣል። በግራ እጄ መሪውን ወደሚሰጠው በኩል ጠበቅ አድርጌ ይዤ በቀኝ እጄ ቁልፉን በዝግታ ሳዞረው «ቀጭ» ብሎ ተከፈተ። ግማሽ ሰዓት የታገልኩት ነገር በአምስት ሰከንድ አለቀ።

በሳምንቱ ደግሞ ሜዳ ላይ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ፣ ቁልፉ እንደገና አስቸገረ። አሁን ጥፋቱ የመሪው አልነበረም። መቆለፊያው ውስጥ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች በቁልፉ ጥርስ ልክ ካልተነሡ አይዞርም፤ የእኔ ቁልፍ ደግሞ ጥርሱ አልቋል። ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄጄ ከዚሁ ካለቀው ሌላ አስቀረጽኩ። እሱም አልዞር አለ! ቀራጩ ምን ያድርግ፣ የሰጠሁትን ድካም አብሮ ገለበጠልኝ። መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠውን መለዋወጫ ቁልፍ አውጥቼ ብሞክር እንደ ቅቤ ዞረ። አዲሱን ማስቀረጽ የነበረብኝ ከእሱ ነበር። ቁልፉ ቺፕ ያለው ከሆነ ግን ቅርጹ ብቻ አይበቃም፤ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሣም።

ቀዳዳው ውስጥ የሞተር ዘይት ጠብ ማድረጌንም መካኒኩ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ካጸዳው በኋላ ቁልፉን በመጻፊያ እርሳስ እየቀባሁ ደጋግሜ እንዳስገባው ነገረኝ፤ የእርሳሱ ዱቄት ደረቅ ማለስለሻ ነውና።

ቁልፉ አልነቀል ያለበት ቀንም ነበር። ይህኛው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ማርሹ «ፒ» ላይ የደረሰ ቢመስልም አልደረሰም። ፍሬን ረግጬ ወደ «ኤን» (ባዶ ማርሽ) አውጥቼ እስከ መጨረሻው ስመልሰው ወጣ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ ሰዎች ግን ያናድዱኛል። የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይደክማል፣ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ ያ የብረት ምላስ መንገድ ላይ መሆናቸውን አያውቅም።

ሽሮ ሜዳ ስሄድ ዛሬም ጎማዎቹን ወደ ጠርዙ አዞራለሁ። የእጅ ፍሬኑን ግን ማርሹን «ፒ» ላይ ከማድረጌ በፊት፣ ጎማውም ጠርዙን ሳይደገፍ እስባለሁ። ወጣቱ ከሩቅ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ፒንሳ ላምጣ?» ይላል።