«ከእግር ጉዞ ተገላገልክ» ላላችሁኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈሬ ልጅ ፎቶዬን አይቶ ጻፈልኝ። ብራድሌይ የሚባለው፣ እግረኛ ወታደር የሚያጓጉዝ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ፊት ቆሜ የተነሳሁት ነው። «ብረት ለበስ ውስጥ ገባህ ማለት ነው? እንኳን ደስ አለህ፣ ከእግር ጉዞ ተገላገልክ!» አለኝ። እናቴም በስልክ ያለችኝ ከዚህ አይርቅም። «ተመስገን ልጄ፣ እንግዲህ ብርዱ አያገኝህም።» ለእሷ «አሜን» ብዬ ዘጋሁት። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ።

አሜሪካ ጦር ውስጥ እግረኛ ወታደር ነኝ። የሙያዬ ቁጥር 11ቢ ይባላል። ድሮ በብራድሌይ የሚዋጋው እግረኛ 11ኤም የሚባል የራሱ ቁጥር ነበረው። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለቱን አንድ አደረጓቸው። ከዚያ ወዲህ በወረቀት ላይ እግረኛ ሁሉ አንድ ነው። በረዶ ውስጥ ጓዙን አዝሎ ሲሄድ የኖረውን ሰው አንድ ቀን ተነስተው ከ30 ቶን ብረት ጋር ያገናኙታል። ማዕረጉ አብሮት ይሄዳል። እዚያ የሚያስፈልገው እውቀት ግን የለውም። የእኔ ቁስል እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፍኩት ፎርት ድረም፣ 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ውስጥ ነው። ኒውዮርክ ስቴት ነው፣ ግን ከተማውን እርሱት፤ ካናዳ ድንበር አጠገብ ነው። እዚያ «ላይት» ነው የምንባለው፣ ቀላል እግረኛ እንደማለት። ቀላል የተባለው መሣሪያው ነው፣ ኑሮው አይደለም። ተሽከርካሪ ስለሌለህ ውሃውም፣ ጥይቱም፣ ባትሪውም ጀርባህ ላይ ነው። በረዶውም አይጣል ነው።

ግን ወደድኩት። የነበርኩበት ሻለቃ የ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው። ቃኘው ሻለቃ በፈረንጆቹ 1951 ኮሪያ ሲዘምት አብሮ የተሰለፈው ከዚሁ ሬጅመንት ጋር ነበር። ኮሪያ ላይ 121 ወንድሞቻችን ወደቁ፣ አንድም የተማረከ የለም። ይህን ለአሜሪካኖቹ ጓደኞቼ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እግሬ ቢደማም ወደኋላ መቅረት የማይታሰብ ሆነብኝ። ሳጅን የሆንኩትም እዚያው ነው፣ እኛ ሃምሳ አለቃ የምንለው።

ከዚያ ዝውውር መጣ። ቴክሳስ፣ ሜካናይዝድ፣ በብራድሌይ የሚዋጋ እግረኛ ማለት ነው። እነሱ «ሜክ» ይሉታል። ዘጠኝ ሰው ያለበት ጓድ ሰጡኝ። ስለ ብራድሌይ የጠየቀኝም ያስተማረኝም ሰው አልነበረም። ያው 11ቢ አይደለሁ!

ሰኞ የጥገና ቀን ነው። ሁሉም ሰው ተሽከርካሪዎቹ የሚቆሙበት ሞተር ፑል ይውላል። በሁለተኛው ሰኞ አለቃዬ «ያንን ብራድሌይ ከመስመር አስወጣው» አለኝ። ውስጥ ያለው ሾፌር ገና የ19 ዓመት ልጅ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሜ መምራት ጀመርኩ። የማውቀው ደግሞ አዲስ አበባ መኪና የሚያስቆሙ ልጆች ሲያደርጉ ያየሁትን ነው። «ና… ና… ና… ስበር!» በእጄ እየጠራሁ የኋሊት እሄዳለሁ። ከኋላዬ ሌላ ብራድሌይ ቆሟል።

ሞተሩ ጠፋ። ልጁ በሾፌሩ መውጫ ክዳን ብቅ አለና ሁሉም እየሰማ ተናገረ። «ሳጅን፣ እዚያ ቆመህ አላንቀሳቅሰውም። ፍሬኑ ቢከዳኝ በሁለት ብረት መሃል ትቀራለህ።»

ጓዴ በሙሉ እዚያው ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ልጁ ወርዶ አጠገቤ ቆመና ያስረዳኝ ጀመር። በሰንሰለት የሚሄድ ተሽከርካሪ የሚታጠፈው አንዱን ጎን ይዞ ሌላውን በመልቀቅ ነው። ስለዚህ በሚታጠፍበት በኩል ያለውን እጅህን ትጨብጣለህ፣ በሌላው ትጠራለህ። የኋሊት አትሄድም። በሁለት ተሽከርካሪ መሃል አትቆምም። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ አገር ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት አያርምም። ካረመም «ያልተገራ» ይባላል። ሲነጋ ግን ራሴን ጠየቅኩ። ልጁ አክብሮኝ ዝም ቢል ኖሮስ? የእኛ ሰው ትልቅ ሰው ሲሳሳት ያያል፣ ዝም ይላል፣ ማታ ለጎረቤት ያወራል። እነዚህ አሜሪካኖች ደግሞ ፊት ለፊት አፍርጠው ይነግሩህና ወዲያው «ምሳ የት እንብላ?» ይሉሃል። ደንዳኖች ናቸው። ግን ሬሳህን ለእናትህ አይልኩም።

በማግስቱ ልጁን ፈልጌ «አስተምረኝ» አልኩት። ማስታወሻዬን በአማርኛ ነው የምይዘው። የሰንሰለቱን ውጥረት፣ የዘይቱን፣ ራምፕ የሚሉት የኋላው መውጫ በር ሲወርድ የት መቆም እንደሌለብህ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ወታደሮቼ ፊደሉን አይተው ስማቸውን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። አንዱ የራስ ቁሩ ላይ ለጥፎታል።

እውነተኛው ፈተና ግን ከሞተር ፑል ውጭ ነው። ላይት ሳለሁ መሬቱን በእግሬ አውቀው ነበር። እያንዳንዱን ጉብታ ረግጬ ነው የደረስኩት። ብራድሌይ ውስጥ ከኋላ ጨለማ ውስጥ ተጠቅጥቀህ ትቀመጣለህ። ናፍጣው ይሸታል፣ ሙቀቱ ያደክማል፣ ግማሹ ወታደር ያንቀላፋል። ድንገት ራምፑ ይወርዳል። ብርሃኑ ዓይንህን ይመታዋል። ሰሜን የት ነው? ጠላት በየት በኩል ነው? ሰዎችህ መልሱን ከአንተ ይጠብቃሉ። በዚያ ላይ ዘጠኝ ሰው አንድ ብራድሌይ አይችልም። ሾፌሩ፣ ተኳሹና አዛዡ ቦታቸውን ይዘው ከኋላ የሚገቡት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ናቸው። ጓድህ ለሁለት ተከፍሎ ይጫናል። ወርደህ መጀመሪያ የምትፈልገው ጠላትን ሳይሆን የራስህን ሰዎች ነው።

ሰው ሲጎድል ደግሞ ቀድሞ የሚሟላው የብራድሌዩ ቡድን ነው። ያለ ሾፌርና ያለ ተኳሽ አይንቀሳቀስም። የሚሳሳው ከኋላ ያለው እግረኛ ነው። ከጓዴ ጎበዙን ልጅ ለተኳሽነት ወሰዱብኝ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በተቃራኒው የሄደውም አይቀናውም። ከሜክ ወደ ላይት የተዛወረ ጓደኛ አለኝ። በ25 ሚሊሜትሩ መድፍ ዒላማ የማይስት ተኳሽ ነበር። ላይት ሲገባ 12 ማይል ከነጓዙ በሦስት ሰዓት ተባለ። ስምንተኛው ማይል ላይ እግሩ ተላጠ። ወታደሮቹ ፊት ጫማውን ሲያወልቁለት ያለቀሰው ከሕመሙ ይልቅ ከውርደቱ የተነሳ እንደሆነ ነግሮኛል።

ዲቪ ደርሷችሁ «ውትድርና እገባለሁ» የምትሉ ልጆች፣ ስሙኝ። የደህንነት ማጣሪያ የሚጠይቀው ሙያ ዜጋ እስክትሆኑ ዝግ ነው። እግረኛ ክፍት ስለሆነ ብዙ ሰው ዘው ይላል። ውሉ ላይ የሚጻፈው 11ኤክስ ነው፣ በደፈናው እግረኛ እንደማለት። ላይት ትሁን ሜክ አይነግርህም። መልማዩ በአፉ ያለህን አትቁጠረው፣ ውሉ ላይ ከሌለ የለም። ጆርጂያ ውስጥ 22 ሳምንት ትሠለጥናለህ፣ ከዚያ የጣለህ ቦታ ትሄዳለህ። ከቻልክ ማዕረግህ ትንሽ ሳለ ሁለቱንም እያቸው። ተራ ወታደር አለማወቁ አያስነውረውም፣ ማንም ያስተምረዋል። ሳጅን ሆነህ ስትዛወር ግን አለማወቅህ ዘጠኝ ሰው ላይ ያርፋል። ጦሩም ቢሆን ማዕረግ አሸክሞ ከመላኩ በፊት ሁለት ሳምንት እንኳ ቢያስተምር ምን ነበረበት?

ባለፈው ዓርብ ከፓራሹት ክፍል አንድ ሳጅን ተዛውሮ መጣ። ደረቱን ነፍቷል፣ ብራድሌይ ግን በቅርብ አይቶ አያውቅም። ሰኞ ሳይደርስ ወደ ሞተር ፑል ወሰድኩት። ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ያ ሾፌር ልጅ ለምኜው አብሮን ቀረ። ልጁ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ከሳጅኑ ጎን ቆምኩ። ግራ እጁን ጨበጠ፣ በቀኙ ጠራ። ብራድሌዩ ቀስ ብሎ ዞረ።