ፈረስ ጉልበቱን ጠይቄ ገዛሁ፣ ቱቦውን ረሳሁ

የወርክሾፓችን ጣሪያ ላይ ስምንት የሚስማር ቀዳዳ አለ። ክረምት ላይ ባልዲ እንደረድርበታለን። በጋ ላይ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ በየቀዳዳው ቀጥ ያለ ዘንግ ሆና ትወርዳለች። ለዓመታት «እንዴት ያምራል» እያልኩ ኖሬያለሁ፣ ፎቶም አንስቼዋለሁ።

ያ ዘንግ የሚታየው አየሩ ውስጥ የሚመታው ነገር ስላገኘ ነው። አየሩ ንፁህ ቢሆን ብርሃኑ ወለል ላይ ሲያርፍ እንጂ መንገድ ላይ እያለ አይታይም። ይሄ የገባኝ አዲስ የገዛሁት ሰጋቱራ መሳቢያ ማሽን ራሱ ብናኝ እየረጨብን መሆኑን በእነዚያ ዘንጎች ካየሁ በኋላ ነው።

ቀራንዮ አካባቢ 9 በ7 ሜትር በሆነች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አራት ሆነን እንሠራለን። አንድ ሰርኩላር መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ አንድ ቱፒ (የጣውላ ጠርዝ ቅርፅ ማውጫ)፣ ሁለት የእጅ ሳንደር (በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሻ) አለን። ድሮ ሥራችን ዋንዛ ነበር፤ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በር። አሁን ከአሥር ሥራ ሰባቱ የኪችን ካቢኔት ነው፣ ያ ማለት ኤምዲኤፍ፣ ከደቀቀ እንጨትና ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ። ዋንዛ ሲላግ ፍቅፋቂ ይጥላል፣ በመጥረጊያ ትሰበስበዋለህ። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ ግን ፉርኖ ዱቄት ነው የሚሆነው። እናቴ ማታ ስገባ «ወፍጮ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ማኪያቶ ካዘዝን እስክንጠጣው ድረስ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፤ የወተቱ እንዳይመስላችሁ።

ለመግዛት የቆረጥኩት ግን በጋሼ ምክንያት ነው። ጋሼ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እንጨት ላይ ያሉ፣ ለሁላችንም ሙያ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ቡና እየቆላች ጭሱ እስከ ወርክሾፑ መሃል ገባ። «ጋሼ፣ ቡና ደርሷል» ብላቸው ቀና ብለው «የታለ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። «ኧረ ከጠፋኝ ቆየ፣ የሚሸተኝ ቫርኒሽ ብቻ ነው» አሉና ወደ መላጊያው ተመለሱ። ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ከአንደኛው ምድብ እንዳስገባው፣ የሚያነጣጥረውም በተለይ አፍንጫና በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ ክፍተቶችን እንደሆነ ያነበብኩት በዚያው ሳምንት ነው። ኤምዲኤፍ የሚጣበቅበት ሙጫ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው።

እናም ገንዘብ አሰባስቤ ሄድኩ። ሻጩ የጠየቀኝ «ስንት ፈረስ ጉልበት ነው የምትፈልገው?» ብሎ ብቻ ነው። እኔም እንደ ትልቅ ሰው «ሦስት» አልኩ። ሁለት ረጃጅም ከረጢቶች፣ ከላይ ጨርቅ ከታች ላስቲክ፣ መሃል ላይ ዲናሞና ፋን። ወረቀቱ ላይ በሰዓት ከ3,000 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይስባል ይላል። ከ100 ሚሊሜትር ተጣጣፊ ቱቦ ጋር በአይሱዙ ጭኜ መጣሁ። ቱቦውን ግድግዳ ግድግዳውን 12 ሜትር ያህል ወስጄ ለሦስቱም ማሽኖች አካፈልኩት። የመጀመሪያ ቀን ፍቅፋቂው ሹልክ እያለ ሲገባ አጨበጨብን።

እሑድ ቤቱን አጥበን ሰኞ ጠዋት ምንም ነገር ሳንቆርጥ መሳቢያውን ብቻ አበራሁት። ሦስት ሰዓት ነበር። የፀሐይ ዘንጎቹ እያየኋቸው ነጡ። ከጨርቁ ከረጢት ላይ ጭስ የመሰለ ነገር እየተነነ ወደ ዘንጎቹ ይገባል፣ ይሽከረከራል፣ ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ዓይነት ተራ ከረጢት የሚይዘው ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነውን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው እንበል። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ብናኝ ግን ከ10 ማይክሮን በታች ነው። ስለዚህ ማሽኑ በዓይን የሚታየውን ፍቅፋቂ ሰብስቦ፣ የማይታየውን አንጥሮ መልሶ እፊታችን ላይ ይተነፍሰዋል። ወለሉ ስለጠራ ደግሞ እኛ ማስክ ማድረግ ትተናል! ከመግዛቴ በፊት የተሻለ አየር ስንተነፍስ ነበር ማለት ነው።

ሌላው የተሸወድኩበት ያ 3,000 የሚለው ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ፋኑ ቱቦ ሳይገጠምለት፣ ከረጢቱ አዲስ ሆኖ የሚሰጥ ነው። ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ በእጅ የሚያዝ የንፋስ ፍጥነት መለኪያ አለኝ። ቱቦው አፍ ላይ አምስት ቦታ ይዤ አማካዩን ወሰድኩ፤ በሰከንድ 13 ሜትር። በ100 ሚሊሜትር ቱቦ ይሄ በሰዓት ወደ 370 ሜትር ኩብ ነው። ከረጢቱን አውርደን በዱላ ደብድበን አራግፈን መልሰን ስንለካ 17 ሆነ። የሞላ ከረጢት ማሽኑን አንቆ ይይዘዋል። በነገራችን ላይ ከረጢት ሲራገፍ አጠገቡ አትቁሙ፣ እኔ ቆሜያለሁ።

ፍቅፋቂ ቱቦ ውስጥ ሳይወድቅ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። በዚህ ፍጥነት 100 ሚሊሜትር ቱቦ የሚያሳልፈው በሰዓት 565 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። 150 ሚሊሜትር ከሆነ 1,270 ይደርሳል። ወርዱ በግማሽ ነው የጨመረው፣ አየሩ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ባለ 3 ይሁን ባለ 5 ፈረስ ጉልበት፣ ጠባብ ቱቦ ካሰሩበት ዲናሞው ይጮኻል እንጂ አየሩ ያን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የመግቢያውን አፍ ለኩ። ፈረስ ጉልበቱን በኋላ።

አዲስ አበባ ላሉ ሌላም ጣጣ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። የፋን መሳብ ኃይል ከአየሩ ክብደት ጋር ስለሚሄድ ወረቀቱ ላይ ካለው የመሳብ ግፊት ሩቡን እዚሁ ቀንሱ። ዲናሞም ቢሆን የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አብዛኛው ዲናሞ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። እጃችሁን ስታሳርፉበት ከጠበቃችሁት በላይ ቢሞቅ አይግረማችሁ።

ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ሲሰማኝ «ለምን እኔ አሪፍ አልክልህም?» አለ፣ ጎረቤቱ ጋራዡን እያፀዳ አንድ ሳይክሎን (ሰጋቱራውን ከአየሩ የሚለይ ጋን) ያለው ማሽን በርካሽ እየሸጠ ነው። ልቤ ፈንድቶ ነበር። ግን እዚያ ያለው መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50። ቮልቱን በትራንስፎርመር ታስተካክለዋለህ፣ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። ዲናሞው ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይሽከረከራል፤ አየሩ 17 በመቶ ይቀንሳል፣ የመሳብ ግፊቱ ደግሞ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከፍታችንን ጨምሩበት፣ ግማሽ ይቀራል። የመርከቡንና የቀረጡን ወጪ ሳንነካ ማለት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሳንደሩ የሚሆን ቫኪዩም ካገኘህ ግን ባለ 220 ቮልት ፈልግልኝ» አልኩት።

ሳንደርና ትልቁን መሳቢያ አታምታቱ። ሳንደር ጠባብ ቱቦ ነው ያለው፣ ስለዚህ ጉሮሮው ጠቦ ሳንባው የበረታ ቫኪዩም ያስፈልገዋል። መላጊያና ሰርኩላር ደግሞ ሰፊ ጉሮሮና ብዙ አየር ይፈልጋሉ። ከአውሮፓ ያገለገለ ቫኪዩም ካገኛችሁ ላዩ ላይ «ኤል»፣ «ኤም» ወይም «ኤች» የሚል ፊደል ፈልጉ። «ኤል» እስከ 1 በመቶ ብናኝ እንዲያሳልፍ ይፈቀድለታል፣ «ኤም» እስከ 0.1። ለእንጨት የሚመከረው «ኤም» ነው።

ወደ ማሽኔ ልመለስ። መልሼ ልሸጠው ነበር፣ ጋሼ ከለከሉኝ። «ዲናሞው ምን አደረገህ? ከረጢቱን ነው የምትጣላው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዱቄት ፋብሪካ ጣሪያ ላይ የተገለበጠ ጋን የሚመስል የላሜራ ነገር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሳይክሎን ነው። አየሩ በጎን ገብቶ ግድግዳውን እየታከከ ይሽከረከራል፣ ከባዱ ወደ ዳር ተገፍቶ ወደታች ይንሸራተታል፣ የቀለለው አየር በመሃል ወደ ላይ ይወጣል። ልኩን በካርቶን ቆርጬ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወሰድኩ። ላሜራ ሠሪው ካርቶኑን አገላብጦ «የአረቄ ማውጫ ነው?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስፌቱ እጅ የማይቧጥጥ፣ ውስጡ ልስልስ ያለ ሥራ አስረከበኝ።

ገጥመን አበራነው። በርሜሉ ውስጥ ምንም የለም። ሁሉም ሰጋቱራ ሳይክሎኑን አልፎ ከረጢት ውስጥ ገብቷል። ሁለት ቀን ላሜራ ሠሪውን ስረግም ከረምኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ጥፋቱ የእኔ በርሜል ነበር፤ ክዳኑ ዙሪያውን አየር ያስገባል። ከታች የገባችው ትንሽ አየር የወረደውን ሁሉ መልሳ ታነሳዋለች። የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀደን ክዳኑ ዙሪያ አጣብቀን ስናስር በአንድ ቀን በርሜሉ ሩብ ሞላ፣ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ጭብጥ እንኳ አልተገኘም።

ቀጥሎ ማሽኑን እንዳለ ወደ ውጭ አወጣነው፣ ግንቡን ተጠግታ በቆርቆሮ በተሠራች ጎጆ ውስጥ። ብርድ አገር ያሉት አናጢዎች ይሄን ማድረግ ይከብዳቸዋል፣ ያሞቁት አየር አብሮ ይወጣባቸዋል። እኛ ምን ከልክሎን? ተጣጣፊውን ቱቦ ለማሽኖቹ ጫፍ ብቻ አስቀርቼ ዋናውን መስመር በ150 ሚሊሜትር ላሜራ አሠራሁት፤ ተጣጣፊው ውስጡ ቆርፋዳ ስለሆነ አየሩን ያንቀዋል። ፕላስቲክ ቱቦም ሞክሬ ነበር፣ ደረቅ የበጋ ቀን ሲነኩት ይነዝራል። መታጠፊያው ላይ አንድ ሹል ክርን ከማድረግ ሁለት ግማሽ መታጠፊያ አስቀጥሉ። አሁን ያው ዲናሞ፣ ያው ፋን፣ በሰከንድ 18 ሜትር፣ በሰዓት 1,145 ሜትር ኩብ። ገና 20 አልሞላም፣ መላጊያው ላይ ያለው አፍ ጠቧል።

ሁለት ነገር በአጭሩ። የድሮ በር ስናድስ ሚስማር ያለበት ጣውላ ይገባል፣ ብልጭታ ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ሊጤስ ይችላል። ስለዚህ ግራይንደር እዚህ መስመር ላይ አይሰካም፣ በርሜሉም ማታ ሳይደፋ በር አይዘጋም። ሁለተኛ፣ ሰጋቱራችንን ዶሮ አርቢዎችና በሰጋቱራ ምድጃ እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ይወስዱታል። ሙጫ ያለበትን ዱቄት ግን ለዶሮም ለእንጀራም አልሰጥም። ኤምዲኤፍ በምንቆርጥበት ቀን ቀይ ቀለም የተቀባው በርሜል ነው የሚገባው።

ውጭ ማውጣቱ ግን ጠብ አመጣ። የግንቡ ማዶ ጎረቤታችን በርበሬ አስጥተው ነበር። ከከረጢቱ ያመለጠው ደቃቅ ሁሉ እዚያ አርፏል። ሴትየዋ ጣታቸውን በርበሬው ላይ አሳልፈው አሳዩኝ፤ ምንም አላሉም፣ ያ ይብሳል። በማግስቱ የጨርቅ ከረጢቶቹን አውልቄ ሁለት የሲኖትራክ አየር ማጣሪያ ገዝቼ፣ ጎን ለጎን በላሜራ ሳጥን ውስጥ አሰርኳቸው። የወረቀቱ እጥፋት ተዘርግቶ ቢለካ ከከረጢቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሰፋ አየሩን አያንቅም። ለአንድ የጭነት መኪና ሞተር አንዱ ይበቃል፣ ለእኔ ፋን ሁለት ተካፍለው ይቀላቸዋል። ነጭ ጨርቅ አፉ ላይ አንድ ሙሉ ቀን አስሬ አየሁ፤ ነጭ ሆኖ ዋለ።

ጨርቁን ይዤ ሄድኩላቸው። በብርሃን አዩት፣ አገላበጡት፣ «እሺ፣ ይሄስ ይሁን» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ድምፁስ?» አሉኝ።

አሁን ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት አናበራም፣ እሑድ ጨርሶ አናበራም። ጎጆዋን የውስጥ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ሸፍኜ ሞከርኩ፣ ምንም አልፈየደም። በዚህ ቅዳሜ አሮጌ ፍራሽ ይሞከራል።