የአየርላንድ ዳንስ ዜማዎችን መነሻና ስም እንዴት ነው የማድነው
ደብሊን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ቲን ዊስል (ትንሽ የብረት ዋሽንት) ተምሬ ፐብ ውስጥ ከሚጫወቱት ጋ መቀመጥ ለመድኩ፣ እና እዛ ጠረጴዛ ላይ የዜማ ስም ከጠየቅክ አንዱ የሆነ ስም ይሰጥሃል፣ ጎኑ ያለው ሌላ ይላል፣ ፊድል (ቫዮሊን) የያዘው ሽማግሌ ደሞ "ይሄማ ስም የለውም" ብሎ ወደ ቢራው ይዞራል። ሶስቱም ልክ ናቸው እኮ።

ስለዚህ ስሙን ትቼ ዜማውን ማሳደድ ጀመርኩ። ስልኬ ላይ ቀድቼ ቤት እገባና የዜማውን የመጀመሪያ ሁለት ባር፣ ማለትም የምት ክፍል፣ በኤቢሲ ኖቴሽን እጽፋለሁ፣ ኖታው በኤ፣ ቢ፣ ሲ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ ቀላል ነው፣ ከዛ በፊደሎቹ ሰርች ማድረግ ነው። ቱንፓል የሚባል አፕም አለ፣ ስትነፋለት ሰምቶ የሚመስለውን ያመጣልሃል። የአየርላንድ ዜማ ሰብሳቢው ብሬንዳን ብራናክ ግን ያለ ስልክ የዜማውን የመጀመሪያ ኖታዎች ወደ ቁጥር ኮድ ቀይሮ በካርድ ነበር የሚያደራጀው፣ ይገርማል።

ሚስ ማክላውድስ የምትባለውን ሪል (ፈጣን የዳንስ ዜማ) እንይ። አየርላንድ ውስጥ የማያውቃት የለም፣ ወደ ኋላ ስከተላት ግን ስኮትላንድ ገባች፣ ስኮትላንዳዊው ሙዚቀኛ ናትናኤል ጎው እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተመው ስብስብ ላይ የስካይ ደሴት ሪል ተብላ "ሚሲስ ማክላውድ ኦፍ ራሴ" በሚል ስም አለች። አየርላንድ ስትደርስ ሚስ ሆነች፣ ትዳሯ ባህር ላይ ፈረሰ መሰለኝ። አሜሪካ ደሞ "ሆፕ ሃይ ሌዲስ" ይሏታል፣ "አንክል ጆ"ም ይሏታል።

ከዚህ የተማርኩት የታተመ ስም ሲያጋጥመኝ ማን ለምን እንዳሳተመው ማየት ነው። የኮርክ ተወላጁ የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ ፍራንሲስ ኦኒል በ1903 1,850 ዜማ በአንድ መጽሐፍ ሲያወጣ ከየዜማው በላይ ስም መኖር ነበረበት፣ እና ዛሬ ብዙ ሰው "ትክክለኛ ስም" የሚለው እዛ የታተመውን ነው። ሸክላም እንደዛው፣ የአየርላንዷ ስላይጎ ተወላጅ ፊድል ተጫዋቹ ማይክል ኮልማን ኒውዮርክ ሆኖ በ1934 ታርቦልተን የሚባለውን ሪል ከሌሎች ሁለት ሪሎች ጋ አያይዞ ቀዳ፣ እስካሁን ሶስቱን በዛው ቅደም ተከተል ይጫወቷቸዋል፣ ታርቦልተን ራሱ ግን የስኮትላንድ መንደር ነው።

አሁን ፐብ ስገባ "ከማን ተማርከው?" ነው የምለው፣ ያኔ ሽማግሌውም ቢራውን አስቀምጦ ያወራሃል። ለጋልዌዩ ፓዲ ፋሂ ዜማዎች ብቻ ይሄም አይሰራም፣ ሰውዬው ለድርሰቶቹ ስም ስላላወጣ ሁሉም "ፓዲ ፋሂስ" ናቸው፣ ደብተሬ ላይ በመነሻ ኖታቸው ነው የምለያቸው።